የድንጋጤ ልክ

ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው። እኔ ታላቅ እኅቱ እዚያው ሱቅ ጥግ ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ገበር እሰፋለሁ። ስንነታረክም ስንስቅም በአንድ የስፌት መኪና ዙሪያ አረጀን።

ወንድሜ ሲለካ አይናገርም፤ ልማዱ ነው። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ከንፈሩን ይገጥማል፣ ደንበኛውም አብሮት ጸጥ ይላል። ደግሞም ሁለቴ አይለካም። «ሁለቴ የሚለካ ዓይኑን የማያምን ነው» ይላል። ኩራቱ ይቺው ናት፣ ሰው ያለ ኩራት አይኖርምና ትቼለታለሁ።

እንግዲህ አንዲት ልጁ ልትዳር ሆነና፣ የሙሽራውን ሙሉ ልብስ ከእኔ በቀር ማንም አይሰፋውም ብሎ ማለ። ሙሽራው የመብራት ሠራተኛ ነው። ቀኑን ሙሉ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያፏጭ ልጅ፤ አንድ ቀን ቀና ብዬ ባየው እኔን አዞረኝ። ታዲያ ያ ከፍታ የማይፈራ ጎረምሳ አማቱ ሜትር ይዞ ፊቱ ሲቆም እጅ እግሩ ተሳሰረ። ትከሻው ወጥቶ ጆሮውን ሊነካ ደረሰ። ደረቱ በትንፋሽ ተነፋ፣ እንደተነፋም ቀረ። አፍንጫው ላይ ላብ ችፍ አለ። ምራቁን ሲውጥ እኔ እተቀመጥኩበት ድረስ ይሰማኛል።

ወንድሜም ቢሆን ደህና አልነበረም። ሆዱ ይጮሃል። ሲጨንቀው ከልጅነቱ ጀምሮ አፉ ዝም ይልና ሆዱ ነው የሚናገርለት። ልጄን የሚወስድብኝ ይሄ ነው እያለ መሆኑን ማን ይነግረኛል፣ አውቀዋለሁ።

«ተንፍስ እንጂ ልጄ» የምትል ቃል አፌ ላይ ደርሳ ነበር። ሲለካ አይወራምና ዋጥኳት።

ሠርጉ እሑድ ሊሆን፣ ሐሙስ ዕለት ልጁ ልብሱን ሊሞክር መጣ። ሙሽሪትም አብራው ነበረች። ሲገቡ እየተሳሳቁ ነው፣ ከእኔም ጋር ሲጫወት ቆየ። ከዚያ ኮቱን አጠለቀ።

ልጆቼ፣ ምን ልበላችሁ። ትከሻው ተንጠለጠለ፣ እጅጌው ጣቶቹን ዋጠ፣ ደረቱ ላይ አንድ ትራስ ይገባል።

«እኔ ነኝ የከሳሁት?» አለ ልጁ፣ ሊያጽናና ብሎ።

ወንድሜ በርጩማው ላይ ዘፍ አለ። ሆዱ ጀመረ። «አይ፣ እጄ ነው የከዳኝ። ዓይኔም ሄዷል። ለልጄ ቀን ያልሆነ እጅ ለማን ይሆናል? ልብሱን ለሌላ ሰፊ ስጡት። እኔ ሜትሬን ሰቀልኩ።»

«አባዬ እንዲህ አትበል» አለች ልጁ። አልሰማትም። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። ያ ሜትር ሱቁ ካልተዘጋ በቀር ሚስማር ላይ ተሰቅሎ አያውቅም።

እንደገና ተነሣና፣ የት ጋ እንደተሳሳተ ሊያይ፣ ከንፈሩን ገጥሞ ልጁ ፊት ተገተረ። ልጁ ክው አለ። ትከሻው ወጣ፣ ደረቱ ተነፋ፣ ኮቱም ቁጭ አለ። አንዲት ሽብሽብ የለውም።

መርፌዬን አስቀመጥኩ። «አንተ ልጅ፣ እስቲ ወደ እጮኛህ ዙር።»

ዞረ፤ ፈገግ አለች፤ ኮቱ ተንጠለጠለ።

«አሁን ወደ አማትህ።»

ዞረ፤ ኮቱ ልክ ሆነ።

ሳቅ ጀመርኩ፤ ሳቁ እንባ ሆኖ መነጽሬን አወለቅኩ። «ወንድሜ፣ ዓይንህ ደህና ነው፣ እጅህም ደህና ነው። የለካኸው ግን ድንጋጤውን ነው።»

እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ግን ስንት ሰው ሲለካ አይቻለሁ። ሰውነት ክፉ የመጣ ሲመስለው ራሱን ያሰናዳል። ልብ ይሮጣል፣ ትንፋሽ ይታመቃል፣ ትከሻ አንገትን ሊሸፍን ይወጣል። አውሬ ይምጣ አማት ይምጣ፣ አይለይም።

«ምንም አይደለም አባባ» አለ ልጁ። «ዕድሜ ልኬን እርስዎን እየፈራሁ ከኖርኩ ልብሱ ይበቃኛል።»

መጀመሪያ የወንድሜ ትከሻ፣ ቀጥሎ መላ አካሉ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ሜትሩን ከሚስማሩ አወረደና በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለተኛ ሊለካ ቆመ። ዝም ብሎም አልለካም።

«ለመሆኑ ምሰሶ ላይ ሆነህ የምታፏጨው ምን እያየህ ነው?»

«የእናንተ ግቢ ከላይ ይታያል፣ አባባ። እሷ ልብስ ስታሰጣ...»

«እህ፣ ያ የእኛ በር ላይ ያለው ምሰሶ ተጠግኖ የማያልቀው ለዚህ ነዋ!»

ሙሽሪት ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ልጁ ሳቀ፣ ትንፋሹን ለቀቀ፣ ትከሻው ወደ ቦታው ወረደ። ወንድሜ ያን ጊዜ ነው ሜትሩን ልጁ ትከሻ ላይ ጣል ያደረገው።

ዓርብና ቅዳሜ እኔ ስተረትር እሱ ሲሰፋ ዋልን። እሑድ ልብሱ እንደ ገላው ሆነለት፤ ያየ ሁሉ የትኛው ሰፊ ነው ሲል፣ ወንድሜ እንዳልሰማ እየሆነ ይጠጋ ነበር።

የራሱን ኮት ግን ረሳነው። ለካ እሱም መስታወት ፊት ቆሞ ሆዱን ስቦ ነው ራሱን የለካው። ጠዋቱን ሙሉ ሳይተነፍስ ቆየ። ልጁ «አባዬ» ብላ አንገቱ ላይ ስትጠመጠም ግን እፎይ አለ። የመካከለኛው ቁልፍ ተፈናጥሮ ሙሽራው እግር ሥር አረፈ።

ሙሽራው አነሣና አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ ሰጠው። «አባባ፣ ሲለኩ ይተንፍሱ እንጂ።»

መርፌና ክር ከቦርሳዬ አይጠፋም። ከሕዝቡ ገለል አድርጌ ቁልፉን ስተክልለት እየሳቀ አስቸገረኝ።

«አትነቃነቅ፣ እወጋሃለሁ።»

«ውጊኝ፣ እትዬ።»

ጆሮዬን ወደ ሆዱ አስጠጋሁ። ዝም ብሏል።