ግንባሯና አንገቴ

በረኪና ነው አለችኝ የልጄ ጓደኛ፣ የምን በረኪና፣ ልብስ የሚነጣበት በረኪና፣ እሱን በጨው ለውሳ፣ በተረከዝ መፈግፈጊያ ድንጋይ ግንባሯን ፈተገችው፣ የኔ ልጅ፣ በገዛ እጇ፣ የተነቀሰችው መስቀል እስኪላጥ፣ አሁን ከዚያ መጋረጃ ጀርባ ቁስሏን ሲያጥቡት ይሰማኛል፣ አትጮህም፣ በጥርሷ መሃል አየር ትስባለች፣ እስስስ፣ ልክ እንደዚያ ጊዜ፣ ያን ጊዜ አራት ዓመቷ ነበር፣ ራሷን በጉልበቴ መሃል አጣብቄ የያዝኋት እኔ ነኝ።

እኔ ነኝ።

እንኳየሁ ነቃሿ ሦስት መርፌ በክር አስራ፣ የኩራዝ ጥላሸት በጥብጣ፣ አጥብቀሽ ያዣት አለችኝ፣ ያዝሁ። ምን ላድርግ፣ ከሷ በፊት ሁለት ቀብሬያለሁ፣ ሁለቱም ጥርስ ሳያወጡ፣ እሷ ስትመጣ አባቷ የትነበርሽ አላት፣ ኩፍኝ ጥሏት ዓይኗ የተገለበጠ ለት፣ እመቤቴ ይችን ብቻ ተይልኝ፣ የልጅሽን መስቀል ግንባሯ ላይ አኖራለሁ ብዬ ተሳልሁ፣ ተወችልኝ፣ አኖርሁ። የስለት ልጅ። ያየ ሁሉ ሸጋ አደረግሽ ነው ያለኝ፣ ታርጋ ያለ አልነበረም።

ታርጋ። ይሄን የምትነግረኝ አግዳሚው ላይ አጠገቤ የተቀመጠችው ዓይናዲስ ናት፣ ቁስቋም ሰፈር አንድ ክፍል ቤት አብራት የተከራየችው የትምህርት ቤት ጓደኛዋ፣ ወደዚህ ወደ አራዳ ክሊኒክ ያመጣቻት እሷ፣ ለኔ የደወለችው እሷ፣ እግዜር ይስጣት፣ ግን ስታወራ ማስቲካዋን አትተፋም። ወንዶቹ እትዬ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ይጠብቋታል፣ መስቀሏን የመኪና ታርጋ አድርገው፣ ኮድ ሦስት መጣች፣ አይከል፣ አይከል፣ አንድ ሰው የቀረው እያሉ እንደ መኪና ረዳት ይጮሁባታል፣ ትናንት ደግሞ ክፍል ውስጥ አንዱ ሀይላንዱን ከፍቶ፣ ታርጋሽ ቆሽሿል እጠቢው፣ ቁጥሩ አይነበብም አላት፣ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አንችስ፣ አንችስ ሳቅሽ? በሆዴ ነው፣ አልጠይቃትም። እጠቢው አሏት፣ አጠበችው። ታዛዥ ልጅ ናት፣ ታዛዥ አርጌ ያሳደግኋትም እኔ ነኝ።

የዓይናዲስ የእጅ አንጓ ላይ ቢራቢሮ አለ፣ ጥቁር፣ እስክሪብቶ መስሎኝ ነበር፣ ምንድን ነው ልጄ፣ ታቱ ነው እትዬ፣ አይለቅም፣ በመርፌ ነው? በመርፌ ነው፣ በማሽን ግን፣ ጥላሸት ነው የሚያገቡት? ኧረ እትዬ፣ ቀለም ነው፣ ተሰልፌ ነው ያሠራሁት፣ ትስቃለች። እሷ ላይ ሲሆን ታቱ፣ የኔይቱ ላይ ሲሆን ታርጋ። ቢራቢሮ ያማረበት ክንድ፣ የክርስቶስ መስቀል ያሳፈረው ግንባር፣ ተይው፣ ተይው አንች ሴት፣ በልጅ አይፈረድም።

እትዬ፣ ለእናቷስ አይደወልላትም እንዴ፣ ትለኛለች።

ለማን?

ለእናቷ ነዋ፣ አዲስ አበባ ባንክ የምትሠራው፣ ቁጥሯን ስልኳ ላይ ፈልጌ አጣሁት፣ አክስቴ የሚል ብቻ ነው ያገኘሁት፣ ለዚያ ነው ለርስዎ የደወልሁ።

አክስቴ።

ይኸው ዓመት ከመንፈቅ፣ በየወሩ ድርቆሽና ቆሎ ቋጥሬ ከአይከል በማኪና ስመላለስ፣ በር ላይ ነው የምትቀበለኝ፣ ግቢ ሳትለኝ፣ ጓደኛዬ ተኝታለች እምዬ ትላለች፣ ስንቁን ከእጄ ትነጥቅና መንገድ ድረስ ትሸኘኛለች፣ እኔ ሞኟ የሰው ልጅ ከእንቅልፏ እንዳልቀሰቅስ በጣቶቼ እየረገጥሁ እወጣለሁ። መንገድ ላይ ሁሉም እናት ነው የሚለኝ፣ ረዳቱ እናት ጠጋ በይ፣ ዘበኛው እናት ወዴት ነሽ፣ የወለድኋት ብቻ አክስቴ። ያች ባንክ የምትሠራ እናት ምን ትመስል ይሆን፣ እንደኔ ንቅሳት የለባትም፣ አንገቷ ንጹሕ ነው፣ አዎ፣ መቼም አንገቷ ንጹሕ ነው።

የእመቤቴን የሰላምታ ጸሎት እጀምራለሁ፣ መሃሉ ላይ ይጠፋኛል። ስለት ይፋቃል ወይ፣ የተፋቀ እንደሆነስ እመቤቴ ልጅቷን መልሽልኝ ትለኛለች ወይ፣ አትልም፣ እሷም እናት ናት፣ አትልም።

ማን አስተማራት። ይሄን ማፈር ማን አስተማራት፣ ስልኩን ልርገም፣ የከተማ ልጆችን ልርገም፣ ውሸት፣ ታውቂያለሽ አንች ሴት፣ አምና መስከረም ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል ላስመዘግባት የገባን ለት፣ ከረባት ያሰረው ሰውዬ፣ ምንም ክፉ ነገር አላለኝም፣ እናት እስከ ስንተኛ ተምረሻል፣ ፎርሙ ይጠይቃል አለኝ፣ ስምንተኛ አልሁ። አራተኛ ላይ ነው ያቆምሁት፣ እሷ ታውቃለች፣ ፊደል ያስቆጠርኋት በዚያው በአራተኛ ክፍል ደብተሬ ነው። ከዚያ ዓይኑ አንገቴ ላይ አረፈ፣ ማርዳ ጌጥ እንዳሰረ ሰው ዙሪያውን አምስት ረድፍ የተነቀስሁት አንገቴ ላይ፣ በሠርጌ የተዘፈነለት አንገት፣ እጄ ሳላዘው ነጠላዬን እስከ አገጬ ሳበው፣ በዚያ በሚያፍን ቢሮ ውስጥ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ነጠላውን አየች፣ እጄን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ መዳፏን ግንባሯ ላይ አደረገች፣ ፀሐይ እንደሚከልል ሰው፣ ቤት ውስጥ፣ ፀሐይ በሌለበት።

አየሁ። አይቼ ነጠላዬን አላወረድሁም።

እኔ አራት ክፍል ዋሸሁ፣ እሷ አንድ እናት ዋሸች፣ የኔው በነጠላ ተሸፈነ፣ ግንባር ነጠላ አይለብስም፣ በረኪናው የመጣው ከዚያ ነው፣ ከአገጬ ሥር።

መጋረጃው ተገለጠ። ነርሷ ጓንቷን እያወለቀች የዚች ልጅ ቤተሰብ ትላለች፣ እነሳለሁ፣ ዓይናዲስ ትከተለኛለች፣ ልጄ አልጋው ላይ ናት፣ ፋሻው እስከ ቅንድቧ፣ ከፋሻው ሥር ዓይኗ፣ የአባቷ ዓይን፣ መጀመሪያ ዓይናዲስን ያያል፣ ከዚያ እኔን፣ ይለምነኛል፣ እምዬ በሞቴ እንዳትነግሪያት ይለኛል። ጥልቅ ነው ትላለች ነርሷ፣ የፈተገችው በመስመሩ ስለሆነ ቀለሙ ቢወጣም ጠባሳው መስቀል ሆኖ ነው የሚቀረው፣ የሞተውን ቆዳ ማንሳት አለብን፣ ዕድሜዋ ስላልሞላ የቤተሰብ ፊርማ ያስፈልጋል፣ እናት፣ ለመሆኑ ምኗ ነዎት?

አክስቷ ናቸው፣ ትላለች ዓይናዲስ ከኋላዬ።

ቃሉ አፌ ውስጥ ነው፣ ቀላል ነው፣ አክስቷ፣ ብለውስ ምን ይጎድልብኛል፣ አክስትም ትፈርማለች፣ ሁለት የቀበረ ሰው አንድ ቃል አይከብደውም፣ እንድትኖርልኝ ብዬ በመርፌ አስወግቻታለሁ፣ እንዳታፍር ብዬ አንድ ጊዜ እናትነቴን ብደብቅስ፣ አክስቷ ነኝ ልል አፌን ስከፍት እጄ፣ ያ እጄ፣ ነጠላዬን ወደ አገጬ እየሳበው ነው። አየዋለሁ። እሷም ታየዋለች።

አወርደዋለሁ። ከአንገቴ ወደ ትከሻዬ፣ አምስቱም ረድፍ እስኪታይ።

እናቷ ነኝ። የቱ ላይ ነው የምፈርመው፣ እስከ አራተኛ ተምሬያለሁ፣ ስሜን እጽፋለሁ።

የማስቲካው ድምፅ ቆመ። ነርሷ እስክሪብቶ ትሰጠኛለች፣ ፊደሎቼ ይንጋደዳሉ፣ ይንጋደዱ። ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፣ አዳንኋት ይሆን፣ ገደልኋት ይሆን፣ አላውቅም፣ ትዙር፣ ወንበሩን ስቤ አልጋዋ ሥር እቀመጣለሁ፣ ነጠላዬን አልመልሰውም፣ አንድ ጎን ሲደክማት መዞሯ አይቀርም፣ ስትዞር የምታየው ይሄንኑ አንገት ነው።