ወይዘሮ ይታይሽ የተመሰገኑ ለት

ነገሩ የተጀመረው በቂጣ ነው። ስለ ባህል፣ ስለ አገር ፍቅርና ስለ ትውልድ ሲጨቃጨቅ የከረመው የወረታ ሰው ሁሉ ይህን ረስቶታል፤ የእንግሊዝኛ መምህሩ የኔነህ ግን አልረሳውም። ቤዛ የምትባል የስድስተኛ ክፍል ተማሪው፣ ማታ እናቷ ቂጣ ቆርሰው ሲሰጧት፣ "እማ፣ አመሰግናለሁ" አለች። እናቷ ወይዘሮ ይታይሽ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም።

ልጅቷ ከመሬት ተነስታ አይደለም ያመሰገነችው። የቤት ሥራ ነበር። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ላይ ቶም የሚባል የውጭ አገር ልጅ አለ። እናቱ ወተት ስትሰጠው ያመሰግናል፤ ዳቦ ስትሰጠው ያመሰግናል፤ ቦርሳውን ስታቀብለው ያመሰግናል፤ እሷም ስላመሰገናት መልሳ ታመሰግነዋለች። የኔነህ ይህን ምንባብ ለዓመታት ሲያስተምር ኖሯል፤ ቶም በዚህ ሁሉ ምስጋና መሃል ትምህርት ቤት መቼ እንደሚደርስ ግን ገብቶት አያውቅም። ያን ቀንም "እናንተም ቤታችሁ ሄዳችሁ አንድ ሰው አመስግኑ" ብሎ ተማሪዎቹን አሰናበተ። ልቡ ሌላ ቦታ ስለነበር አላሰበበትም።

ልቡ አዲስ አበባ ነበር። በዚያው ሰሞን አንድ የግል ትምህርት ቤት ደውሎ ከመስከረም ጀምሮ እንደሚፈልገው ነግሮት፣ እሺ ብሏል። ለማንም አልተናገረም፤ ለእናቱም እንኳ። እናቱ ወርቅዬ ይፋግ ገበያ ላይ ነጭ ሽንኩርት እየሸጠች ብቻዋን ትኖራለች፤ ከወለደቻቸው ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ደጇን የሚረግጥ የቀራት እሱ ብቻ ነው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር "ዛሬስ እነግራታለሁ" ብሎ ይሄዳል፤ ነጭ ሽንኩርት ተሸክሞ ይመለሳል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው። ክፍሉ ውስጥ የተንጠለጠለው ሽንኩርት ግን የጎረቤት ሰው እስኪያማርር ድረስ በዝቶ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ወይዘሮ ይታይሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቁት።

"መምህር፣ ልጄን ወዴት ልትልኳት ነው?"

"የትም። ምነው?"

"አመሰገነችኝ።"

የኔነህ የቀረውን ጠበቀ። ሌላ የሚጨመር ነገር ያለ መስሎት ነበር።

"ታላቅ ወንድሟም እንዲሁ ነው ያለኝ" አሉ ወይዘሮ ይታይሽ። "አበረ። በልቶ እጁን ጠርጎ ከመነሳት በቀር ሌላ የማያውቅ ልጅ፣ አንድ ማለዳ ውሃ ባቀብለው 'እማ፣ አመሰግንሻለሁ' አለኝ። ቧልት መሰለኝና ሳቅሁበት። ለሰሊጥ አጨዳ ብሎ ወደ መተማ ወረደ። ይኸው ክረምት በክረምት ላይ መጣ፣ ስልኩም አይጠራ። ልጅ እናቱን የሚያመሰግን ምን ሲሆን ነው? የሚቀር ሲሆን ነው።"

የኔነህ የቤት ሥራ መሆኑን አስረዳ። ቶምንም አስረዳ። ወተቱን፣ ዳቦውን፣ ቦርሳውን አንድ በአንድ ነገራቸው። ወይዘሮ ይታይሽ ቦርሳው ላይ ሲደርስ ፊታቸው ጠቆረ።

"ቦርሳ ይዞ ነው የሚያመሰግናት?"

"ትምህርት ቤት ሊሄድ ነው እኮ።"

"እንዲያ ብለው ነው የሚወጡ" አሉና በሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤዛን ይዘዋት ይመጣሉ፤ እስክትወጣ ድረስም እዚያው ድንጋይ ላይ ጥጥ ሲፈትሉ ይውላሉ። የኔነህ ከሰሌዳው ዘወር ባለ ቁጥር በመስኮቱ እንዝርታቸው ሲሾር ያያል። የሚያየው ወይዘሮ ይታይሽን ቢሆንም፣ የሚታየው ይፋግ ነው።

በር ላይ የተቀመጠች ሴት መቼም መጠየቋ አይቀርም። የጠየቋቸው መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ናቸው፤ የደብሩ መሪጌታ፣ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢም ጭምር። ወይዘሮ ይታይሽ የነገሯቸው ስለ አበረ ነበር፤ መሪጌታ የሰሙት ግን ስለ ባዕድ ባህል ነው። ስብሰባ ተጠራ።

"ልጅ እናቱን አያመሰግንም፤ ይታዘዛታል" ብለው ጀመሩ መሪጌታ። "በልቶ 'እግዜር ይስጥልኝ' የሚል እንግዳ ነው፤ ምክንያቱም ይሄዳል። የቤት ልጅ ምኑን ያመሰግናል? ቋንቋውን አስተምሩልን፤ ጠባዩን እዚያው አገሩ ይተዉልን።"

ከአዲስ አበባ መጥቶ ወረታ ላይ የሩዝ መፈተጊያ የከፈተው አዳሙ እጁን አወጣ። "እኔ ልጄን እንግሊዝኛ የማስተምረው የእነሱን አገር ሰው እንዲያናግርበት ነው። እኛን እኛን ለማውራትማ አማርኛው ይበቃዋል። ደሞ ማመስገን ቢለምዱ ምን ይጎዳናል? እኔ ጋ ሩዙን አስፈትጎ አንድ ቃል ሳይናገር የሚሄደው ሰው ስንት ነው።"

"አንተ ያገሩ ሰው አይደለህም" አሉት መሪጌታ፤ ለቤቱ ይህ በቂ መልስ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ተናገረ። ክርክሩ ከቂጣ ተነስቶ ወደ ጸጉር አቆራረጥ፣ ከጸጉር አቆራረጥ ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ሰንደቅ ዓላማ ሄደ። ስለ ወይዘሮ ይታይሽ ልጅ ያነሳ ሰው አልነበረም። የኔነህም አላነሳም። እሱ አንድ የሚያሳፍር ተስፋ ይዞት ነበር፤ ምነው ባባረሩኝ የሚል። ቢያባርሩት ለእናቱ "ገፉኝ" ሊላት ይችላል። ራሴ መርጬ ልሄድ ነው ከማለት ይህ በስንት ጣዕሙ።

አላባረሩትም። ሰርክ የምትባለው ርዕሰ መምህርት ተነስታ፣ ቶም ከትምህርቱ እንዲወጣ፣ በእሱ ፈንታ ስለ አካባቢው የሚናገርና የአገር ፍቅር ያለበት ምንባብ በእንግሊዝኛ እንዲጻፍ፣ ወላጆች ባሉበትም እንዲነበብ መወሰኑን አስታወቀች። "ጸሐፊው መምህር የኔነህ ነው" አለች። "ከሱ የተሻለ ሰው የለንም፤ እሱን ይዘን አንቸገርም።" ተጨበጨበለት። የኔነህ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ከፍቶት አያውቅም።

መጀመሪያ የጻፈው ስለ ሩዝ ነበር። የፎገራ ሩዝ የእኛ ነው፣ ኩራታችን ነው፣ እያለ ይወርዳል። ተርጉሞ ሲያነብላቸው ኮሚቴው በጣም ወደደው። አንድ ጥግ የተቀመጡት ሽማግሌው ገበሬ አቶ አያልነህ ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሩዙንማ ኮሪያዎች ናቸው ያለማመዱን፤ በደርግ ጊዜ" አሉ። "አብሬያቸው ጭቃ ስረግጥ ከርሜያለሁ። እኛማ መጀመሪያ ሣር መስሎን ነበር።"

ባዕድ ነገር የእኛ ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጅበታል ብላ ሰርክ ጠየቀች። መሪጌታ ይህ በመጽሐፍ ያልተወሰነ ነገር መሆኑን ገለጹ። ምንባቡ ተጣለ፤ ምሳ ደረሰና ሩዝ የተቀላቀለበት እንጀራ ቀርቦ ተበላ። ማንንም አልከበደውም።

ከምሳ በኋላ ሁሉም በፎገራ ላም ተስማማ። ላሟን ማንም ከውጭ አላመጣትም። ማለቂያው ላይ የኔነህ "አገሬ ሆይ፣ አመሰግንሻለሁ" የሚል ስለጨመረበት እንደገና ትንሽ ተመከረ። እናትን ማመስገን ባዕድ ነው፤ አገርን ማመስገን ግን ይቻላል ተባለ።

የንባቡ ቀን ሰኔ መግቢያ ላይ ዋለ። አንባቢዋ ቤዛ ሆነች፤ እንግሊዝኛው እንደሷ የሚቀናው ተማሪ የለም። ወይዘሮ ይታይሽንም ከበሩ ጠርተው አስገቧቸው፤ እንዝርታቸውን እንደያዙ ከኋላ ተቀመጡ። ቤዛ ሰሌዳው ፊት ቆማ ታነባለች፤ የኔነህ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ይተረጉማል።

"የፎገራ ላም ትልቅ ናት። ወተት ትሰጠናለች። ርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ውሃ ሲሆን ወደ ዳገቱ ትወጣለች። ውሃው ሲጎድል ትመለሳለች። አገሬ ሆይ፣ አመሰግንሻለሁ።"

ጭብጨባው ቀለጠ። መሪጌታ ሳይቀሩ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው አጨበጨቡ። ጭብጨባው ሲበርድ የወይዘሮ ይታይሽ ድምፅ ከኋላ ተሰማ።

"ደግሞ ካገርም ልትወጣ ነው?"

የሳቀ ሰው የለም። አዳሙ መስኮት መስኮት አየ። መሪጌታ ጭራቸውን አንስተው ያገላብጡ ጀመር፤ አበረን አስተምረውታል፣ ዳዊት የደገመው እሳቸው ዘንድ ነው። ስብሰባው ከተጀመረ ወዲህ ሰው ሁሉ ስለምን ሲነጋገር እንደሰነበተ ያን ጊዜ ገና የገባው መሰለ። ለመጠየቅ ግን ረፍዶ ነበር።

ቤዛ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትታ በወንበሮቹ መሃል አልፋ እናቷ ዘንድ ሄደች።

"እማ፣ ራበኝ" አለች። "ምን ይዘሽልኝ መጣሽ?"

ወይዘሮ ይታይሽ ከነጠላቸው ጫፍ ቂጣ ፈቱ። ልጅቷ ነጥቃቸው በላች፤ አንድ ቃል አልተናገረችም። አፏን በክንዷ ጠራረገችና "ውሃስ?" አለች ኮስተር ብላ። የእናቲቱ ፊት እንደዚያ ሲበራ የኔነህ አይቶ አያውቅም። በማግስቱ በሩ ሥር ያለው ድንጋይ ባዶውን ዋለ።

የኔነህ ቅዳሜ ይፋግ ሲወርድ በሚኒባሱ ውስጥ የሚናገረውን ሁሉ አሰናድቶ ነበር። መጀመሪያ ስለ ደመወዙ፣ ቀጥሎ በየወሩ ስለሚልክላት፣ በየበዓሉም ስለመምጣቱ። ከዚያ በኋላ ነው አዲስ አበባ የሚለው ቃል የሚመጣው። በልቡ ደጋግሞ አጠናው፤ ተማሪዎቹ እንደዚህ ቢያጠኑለት የት በደረሱ።

ወርቅዬ ከገበያ ቀድማ ገብታ ጠበቀችው። ሽሮውን አቀረበችለት። ስለ ዝናቡ አነሳች፤ ስለ ሽንኩርቱ ዋጋ አነሳች፤ መቼ ታገባለህም አለችው፤ በየቅዳሜው የምትለው ነው። እሱ ከደመወዙ ልጀምር፣ አሁን ልጀምር እያለ፣ አንገቱን ደፍቶ በላ። እጁን ሊታጠብ ሲዘረጋ እናቱ ጎንበስ ብላ ውሃ አፈሰሰችለት። ጣቶቿ ሽንኩርት ይሸታሉ። ጉልበቷን እንደያዘች ቀና ስትል አያት፤ አሳዘነችው፤ ያጠናው ሁሉ ጠፋበት።

"እማዬ፣ አመሰግንሻለሁ" አለ።

ወርቅዬ ጣሳውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። ካጠገቡ ቁጭ አለች።

"መቼ ነው የምትሄድ?"

የኔነህ ደነገጠ። ከእጁ ውሃው ገና ይንጠባጠባል።

"ማን ነገረሽ?"

"አሁን አንተው ነገርኸኝ።"