ማውረጃው ሳጥንና የእማዬ ወለል

ጥርሴን ደጋግሜ ቦርሻለሁ፣ ምላሴንም ፈግፍጌዋለሁ፣ ግን ጣዕሙ አልለቀቀኝም፣ ስለዚህ ለሰው ካልነገርኩ አይወጣልኝም።

ነገሩ የጀመረው በቫዳ ነው። የፑራታሲ ወር ገብቷል፤ እዚህ ቻትስወርዝ ሰፈር እንደኛ የታሚል ሂንዱ ቤት ከሆነ ወሩን ሙሉ ጾም ነው፣ ሥጋ የለ፣ ዓሣ የለ፣ እንቁላል የለ። እማዬ ደግሞ ጾም ሲገባ ከምስር የሚሠራውን ቫዳ ጠዋት ትጠብሳለች፣ ማታ ትጠብሳለች፣ ለቤተ መቅደስም ትጠብሳለች። የዘይቱ ጭስ ሳሎን ይገባና የዓሣ ገንዳችን ላይ ያርፋል። በቃ ውሃው ቆዳ አወጣ። እውነቴን ነው፣ ቆዳ። የቀዘቀዘ ወጥ ላይ የሚጋገረውን ስብ ታውቁት የለ፣ እሱን፣ መሃሉ ላይ የሞተች ዝንብ ተጣብቃበት። በጣቴ ስነካው ተጨማደደ። ሰውነቴ ሁሉ ቀፈፈው። ከሥሩ ደግሞ ሁለቱ ብርቱካንማ የባሕር ዓሦቼ፣ ከነፍሴ የምወዳቸው፣ አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው አየር ይለምናሉ።

"ኒቬዳ፣ ማውረጃ ሳጥን እንግዛ" አለኝ አባዬ።

ማውረጃ ሳጥን ከገንዳው ጠርዝ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ከላይ ያለውን ቆሻሻ ውሃ ይቀበልና በታጠፈ ቱቦ ጠርዙን አሻግሮ፣ ከታች ቁም ሳጥን ውስጥ ወዳለች ትንሽ ገንዳ ያወርደዋል። እዚያ ይጣራል፣ ከዚያ ፓምፕ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል።

እማዬ ከኩሽና ሰምታናለች። "የኒቬዳ አባት፣ ስማኝ። ለዲዋሊ በዓል ብለህ ያስነጠፍከው ወለል እንጨት ነው። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። አንዲት ጠብታ ወለሌ ላይ ካየሁ፣ ገንዳው ከነዓሣው ለሮጋን ነው።"

አንክል ሮጋን ጎረቤታችን ነው። ዓሣ ሲያይ የሚታየው የካሪ ወጥ ብቻ ነው።

ሱቅ ሄድን። ሽታውን ላስረዳችሁ አልችልም፣ ካልሲ ውስጥ ሽሪምፕ ሞቶ ተረስቶ እንደሆነ አስቡት። መደርደሪያው ላይ ያገለገለ ሳጥን ነበር፣ እኔ ሞኝ ጣቴን ከተትኩበት፣ አረንጓዴ ንፍጥ ክር ሆኖ እየተሳበ አብሮኝ ወጣ። ሱሪዬ ላይ ጠረግኩት። ያን ሱሪ ከዚያ በኋላ አላደረግኩትም።

ባለሱቁ ሁለት አዳዲስ አወጣልን፣ አንዱ ባለ ቀጭን ቱቦ፣ አንዱ ባለ ሰፊ። "ፓምፓችሁ ትንሽ ነው፣ ቀጭኑ ይበቃችኋል" አለ። "ሰፊው ውስጥ ውሃው ቀስ ካለ አየር ይጠራቀማል፣ አየር ከሞላው ማውረዱን ያቆማል። ፓምፑ ደግሞ ይሄን አያውቅም፣ ዝም ብሎ ይገፋል።"

"ሰፊ ነገር ከፋ ሲባል ሰምቼ አላውቅም" አለ አባዬ። ጫማም ሲገዛ አስበልጦ ነው። ሰፊውን ያዘና ወጣን።

ሳጥኑን ገንዳው ላይ መስቀሉ ቀላል ነበር። ውሃ የሚገባባቸውን የሳጥኑን ጥርሶች ከውሃው ጋር እኩል አደረግን፣ ወደ ታች የሚወርደውን ላስቲክ በብረት ቀለበት አጠበቅን። ቀጥሎ ግን ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር አንድ ሰው በአፉ መምጠጥ አለበት። አባዬ ቀጭኗን መምጠጫ ላስቲክ ይዞ እኔንና እማዬን አየን።

"በፑራታሲ የዓሣ ውሃ?" አለች እማዬ። "እኔን እንዳታየኝ።"

"እኔማ አስመልሳለሁ" አልኩ።

"እኔም ጾመኛ ነኝ እኮ" አለ አባዬ።

አንክል ሮጋን ተጠራ፣ እሱ ጾም የሚባል ነገር አያውቅም። ሳብ አደረገው፣ ጉሮሮው ሲወርድ ሲወጣ አየሁት፣ ዋጠው፣ ከዚያ ፂሙን ላሰና "ጨው በዝቶበታል" ብሎ አገሳ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ግን ሠራ፣ ያ ቆዳ እየተንሸራተተ ጥርሶቹ ውስጥ ገባና ውሃው ጥርት አለ፣ ዓሦቼም ማለክለካቸውን ተዉ።

ሐሙስ ከሰዓት መብራት ሄደ። አባዬ ሥራ፣ እማዬ ቤተ መቅደስ፣ እኔ ብቻዬን ሳሎን። ፓምፑ ባትሪ ላይ ስለተሰካ ይሠራል፣ ግን ባትሪ ላይ ሲሆን ይዳከማል። ትንሽ ቆይቶ ከቁም ሳጥኑ አንድ ሰው ንፍጡን ወደ ውስጥ የሚስብ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል ቱቦው ግማሹ አየር ነው። ምንም አይወርድም፣ ፓምፑ ግን የታችኛዋን ገንዳ ውሃ ወደ ላይ ገፍቶ ጨርሶታል። ከላይ ውሃው ጠርዙ ላይ አብጦ ቆሟል፣ ቢተነፍሱበት ይፈሳል።

ሮጬ ፓምፑን ነቀልኩት። ወዲያው ደግሞ ያ ቅባት መመለስ ጀመረ፣ ዓሦቼም አፋቸውን ከፍተው ወደ ላይ መጡ። ብሰካው ወለሉ፣ ብነቅለው ዓሦቹ። አንክል ሮጋን ጋ ደወልኩ።

"አንክል፣ ና ምጠጥልን።"

"ወደቡ ላይ ነኝ፣ ዓሣ እያጠመድኩ።"

"እሞታለሁ ስልህ፣ በናትህ።"

"ራስሽ ምጠጪው፣ ምን አለበት። አፍንጫሽን ያዢ፣ ደግሞ ወደ ሳንባሽ እንዳትስቢው" ብሎ ዘጋው።

አፍንጫዬን ያዝኩና በመምጠጫው ላስቲክ ሳብኩ። መጀመሪያ አየር፣ እሱ ራሱ ይገማል። ከዚያ ውሃው መጣ፣ ለብ ያለ፣ ጨው፣ ያደረ የቫዳ ዘይት፣ የዓሣ ኩስ። ከውሃው ጋር ደግሞ አንድ ለስላሳ ነገር ምላሴ ላይ አረፈ። ፀጉር ነገር አለው። ተንቀሳቀሰ። እኔ እንዳልጮህ አፌ ሙሉ ነው። በእጄ እየዳበስኩ ፓምፑን ሰካሁት፣ ውሃው መውረድ ጀመረ፣ ልክ ያኔ በሩ ተከፈተ።

እማዬ፣ ግንባሯ ላይ የቤተ መቅደስ አመድ፣ እጇ ላይ የአበባ ሳህን። "ምንድነው አፍሽ ውስጥ?"

የምተፋበት ኩሽና በእሷ በኩል ነው። ሳል መጣብኝ። አንድ ጊዜ ብስል ሁሉም ወለሉ ላይ ነው። ዓሦቹን አየኋቸው። ዋጥኩት። ሲወርድ እየተራመደ ነው የወረደው፣ እምላለሁ።

እማዬ በባዶ እግሯ ወለሉን ዳበሰች፣ ገንዳው ሥር ድረስ፣ ዳር እስከ ዳር። ደረቅ። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

"ዋጥሽው?"

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

"ከነምኑ?"

"ከነፀጉሩ።"

ሳህኑን እዚያው ጥላ ወደ መታጠቢያው ሮጠች። ስታስመልስ ሰማኋት። ተመልሳ መጥታ ከሩቅ ቆመች፣ የሳሪዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ።

"ጾምሽን ገድፈሻል። ከነገ እንደገና ትጀምሪያለሽ።"

"ገንዳውስ?"

ወለሉን አየችው፣ አፌን አየችው፣ እንደገና ሊያስመልሳት ደረሰ። "በልጄ አፍ የገባ ነገር ለጎረቤት አይሰጥም። ይቀመጥ። አባትሽ ግን ዛሬውኑ ያን ሰፊ ቱቦ ቀይሮ ይምጣ። አንቺ እኔን እንዳትስሚኝ።"

ደስ አለኝ፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ገንዳው ፊት ቁጭ አልኩና ዓሦቼን ማየት ጀመርኩ። ትልቁ ወደ እኔ ዞረ፣ ጅራቱን አንዴ ወዘወዘና ረጅም ነጭ የኩስ ክር ለቀቀ፤ ክሩ እየተጠማዘዘ ቀስ ብሎ ወደ ሳጥኑ ሄደ። እኔም ወደ መታጠቢያው።