ያልሞላው ከረጢት

የሙዚቃ ባንዱን የጫነው አውቶቡስ ንጋት ላይ ተገለበጠ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን የሆስፒታሉ በር ጥቁር በለበሰ ሰው ጢም ብሎ ነበር። ለለቅሶ አልነበረም የለበሱት፤ የዘወትር ልብሳቸው ነው፣ ደረቱ ላይ የዝገት ፊት የታተመበት ጥቁር ካናቴራ። ዝገት የሚሉት ዘፋኙን ነው። ገና የሠላሳ አንድ ዓመት ወጣት፣ ድምፁ እንደ ስሙ ዝገት የበላው ብረት የሚመስል፣ ጊታሩን ሲመታ የአዳራሹን መስኮት የሚያርገፈግፍ። ጉበቱ ተጎድቶ ደም እየፈሰሰው ነው የሚል ወሬ በየስልኩ ሲደርስ አድናቂዎቹ ከያሉበት ግር ብለው መጡ፤ ደም ሊሰጡት።

የደም ክፍሏ ነርስ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ እንዲህ ያለ ሰልፍ አይታ አታውቅም። በሌላ ቀን ሰው ደም የሚሰጠው በስንት ጉትጎታ ነው። ዛሬ ግን «እኔ ልቅደም፣ እኔ ልቅደም» እየተባባለ ይጋፋል። የመጀመሪያው፣ ጓደኞቹ «ተራራው» የሚሉት ግዙፍ ሰው ነበር፤ የጭነት መኪና ጎማ ብቻውን የሚያነሳ የጎማ ሠራተኛ። መርፌውን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሲስተር፣ ካለቀ ንገሪኝ።»

«ገና አልነካሁህም እኮ።»

ሰልፈኛው ሳቀበት። ሲጨርስ «ሂድና እረፍ» ብትለው እምቢ አለ፤ የሰጡትን ጭማቂ ይዞ ጥግ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ዝገት እስኪድን እዚያው ሊጠብቅ ነው።

ባልደረቦቿ አያውቁም እንጂ ነርሷም ከእነዚሁ ሰዎች አንዷ ነበረች። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ አባቷ የሞተ ሰሞን፣ ከታናሽ እህቷ ጋር አንድ አልጋ ላይ ተጋድመው፣ ማዳመጫውን አንዳንድ ጆሯቸው ላይ ሰክተው የዝገትን የመጀመሪያ አልበም እስኪሰለቻቸው ይሰሙ ነበር። አልሰለቻቸውም። ማልቀስ አቅቷቸው ሳለ እሱ ጮኸላቸው። እናታቸው በሩን ከፈት አድርጋ፣ «ይኼ የሰው ልጅ ምን ቢሆን ነው እንዲህ የሚጮኸው? ጥርሱን አሞት ነው?» ስትል ሁለቱም ከስንት ቀን በኋላ ሳቁ።

አራት ሰዓት ላይ የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር በጣታቸው ጠቅሰው ወደ ኮሪደሩ አወጧት።

«ልጁ አለፈ» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አሁን፣ ከሩብ ሰዓት በፊት።»

ነርሷ ጓንቷን ማውለቅ ጀመረችና ለምን እንደምታወልቀው ጠፋት።

«እናቱ መንገድ ላይ ናቸው። የልጃቸውን ሞት ከስልክ ላይ ማንበብ የለባቸውም። እስኪደርሱ ትንፍሽ እንዳትይ። ሰልፉንም እንዳታቆሚ፤ ሾፌሩና ከበሮ መቺው አሁንም ቀዶ ጥገና ላይ ናቸው፣ ያለን ደም አይበቃቸውም።»

«ዶክተር፣ ሰዉ እኮ ለእሱ ነው የሚሰጠው።»

«አውቃለሁ» አሉና መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ለሌሎቹ ስጡ ብትያቸው ግን ወዲያው ይገባቸዋል።»

ተመልሳ ገባች። ተራራው ካለበት ሆኖ፣ «ሲስተር፣ የእኔ ደረሰለት?» አላት።

«እየተሠራበት ነው» አለችው። ይህን ያለው የእሷ አፍ መሆኑን ማመን አቃታት። ቀጥሎ የተቀመጠውን ሰው የደም ሥር ሳተችው። ሁለተኛም ሳተችው። ሰውየው ግን ቅር አላለውም፤ «ግድ የለም ሲስተር፣ ለእሱ እስከሆነ ድረስ ደጋግሚው» አላት። አንገቷን ደፍታ ሥራዋን ቀጠለች። እያንዳንዱ ሰው ሲነሳ ያመሰግናታል።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ቀና ስትል ሚዛኑ ላይ የቆመችው ታናሽ እህቷ ነበረች። ሰዉ ሁሉ «ጭራሮ» ነው የሚላት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ሥጋ አልወጣላትም። ማተሚያ ቤት ወረቀት ቆራጭ ናት፤ ሥራዋን ጥላ በመምጣቷ የወረቀቱ ብናኝ ገና ከእጅጌዋ ላይ አልረገፈም። ሚዛኑ ሃምሳ አንድ ኪሎ ይላል።

ነርሷ አየቻት። «ድንጋዩን አውጪ።»

«የምን ድንጋይ?»

«ጭራሮ፣ እኔን ነው የምታሞኚው?»

ጭራሮ ከጃኬቷ ኪስ ድንጋይ አወጣች። ከሌላው ኪስም ሁለት። በሩ አጠገብ ባለው የአበባ መደብ ዙሪያ የተደረደሩትን በኖራ የተቀቡ ድንጋዮች ነቅላ ነው የመጣችው። ከኋላዋ ያሉት በሳቅ ፈነዱ። ሚዛኑ ወርዶ አርባ ስድስት ላይ ቆመ።

«አይቻልም። ትንሹ ሃምሳ ነው።»

«እታለም፣ በናትሽ።»

«ትወድቂብኛለሽ።»

«ልውደቃ! ማን ሞተ በወደቀ?» ጠጋ ብላ ክንዷን ያዘቻት፤ ድምፅዋ ተለወጠ። «አባባ የሞተ ቀን በር ላይ ቆሜ ነው የዋልኩት። ማንም ነይና እንዲህ አድርጊ አላለኝም። ዛሬ የማደርገው ነገር አለ። ይኼን አትንሺኝ።»

ነርሷ እጇን ይዛ ወደ ዕቃ ክፍሉ ወስዳ፣ በጆሮዋ እውነቱን ሹክ ብትላት ያበቃ ነበር። አሰበችው። ግን የእህቷ ፊት ላይ ያለው ተስፋ እንዲህ በቅርብ ሲያዩት የሚያስፈራ ነበር፤ በገዛ እጇ ልታጠፋው አልቻለችም። ብዕሯን አንስታ ቅጹ ላይ «50» ብላ ጻፈች።

መርፌው ባንድ ጊዜ ገባ። ጭራሮ ጣቶቿን እየጨበጠችና እየዘረጋች፣ ደሙ በቱቦው ሲወርድ በደስታ ታየው ጀመር።

«ሞቅ ያለ ነው አይደል? እዚያ ውስጥ ብርድ ይሆንበታል።»

«አታውሪ፣ ተረጋጊ።»

«ሲድን ምን እንደምለው ታውቂያለሽ? ደምህ ውስጥ የወረቀት ብናኝ አለ፣ ስታስነጥስ እንዳይገርምህ እለዋለሁ።» ሳቀች። ነርሷ ፊቷን ወደ ከረጢቱ አዞረች።

መጀመሪያ የተሰማው ከበሩ በኩል ነው። ለቅሶ አይመስልም ነበር፤ አንድ ትልቅ ነገር ከፎቅ የወደቀ ይመስል ሰዉ ሁሉ ባንድ ጊዜ «ውይ!» አለ። ቀጥሎ በክፍሉ ውስጥ ስልኮች ጮኹ። ተራራው ስልኩን አየ፤ ቆመ፤ የሚሄድበት ያጣ ይመስል ሲዞር ቆይቶ ወለሉ ላይ ዘጭ አለ።

«ሲስተር! ውሸት ነው በያቸው! እየተሠራበት ነው ብለሽኛል እኮ!»

አንዱ የክንዱን ፕላስተር ገንጥሎ ወረወረና፣ «ታዲያ ደሜን ምን አደረጋችሁት?» ብሎ ጮኸ። እጅጌዋን ሰብስባ ተራዋን ስትጠብቅ የነበረች ልጅ ደግሞ ክንዷን እንደዘረጋች ቀርታ፣ «ቢሆንም ውሰዱልኝ፣ ቢሆንም ውሰዱልኝ» ትላለች።

ጭራሮ ስልክ አላየችም። ያየችው የእህቷን ፊት ነው።

«ታውቂ ነበር?»

ነርሷ ከረጢቱን አስተካከለች።

«እታለም፣ ታውቂ ነበር ወይ?»

«አዎ።»

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ?»

«ከአራት ሰዓት።»

ጭራሮ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ ከዚያም መርፌው የተሰካበትን ክንዷን። «ሳወራልሽ» አለች። «ብርድ ይሆንበታል ስልሽ...» ልትነሳ ሞከረች። ከንፈሯ ነጣ፣ ዓይኗ ተገለበጠ፣ ወንበሩ ላይ ጥቅልል ብላ ወደቀች።

ነርሷ መርፌውን ነቅላ፣ እግሯን ሽቅብ አንስታ፣ በጥፊም በውሃም ብላ ነፍሷን መለሰችላት። ከመጋረጃው ጀርባ አስተኝታ ግሉኮስ ተከለችላት። ከዚያ ከረጢቱን አነሳችና መዘነችው። ግማሽ እንኳ አልሞላም።

ወደ ዶክተሩ ይዛው ሄደች። «ለከበሮ መቺው አይሆንም? የደም ዓይነቱ ከእሱ ጋር አንድ ነው።»

«ታውቂያለሽ እኮ፤ ደሙ እንዳይረጋ ከረጢቱ ውስጥ የተጨመረው መድኃኒት ለሙሉ ከረጢት የተለካ ነው። እንዲህ ሆኖ ቢሰጠው ይጎዳዋል።» ቀና ብለው አዩዋት። «የማን ነው?»

ከረጢቱ ገና ሞቃት ነበር። ለሚቃጠለው ቆሻሻ ወደተቀመጠው ቀይ በርሜል ወስዳ በሁለት እጇ አስቀመጠችው፤ ክዳኑን ገጥማ እዚያው ቁጢጥ አለች። ከጠዋት ጀምሮ ያፈነችው እንባ መጣ። ለማን እንደምታለቅስ ለይታ አላወቀችውም፤ አፏን በክንዷ አፍና ብቻ ተንሰቀሰቀች።

ስትመለስ ጭራሮ ነቅታ ጣሪያውን እያየች ነበር።

«ደሜስ?» አለች ሳትዞር። «ለሌሎቹ ሰጣችሁት?»

አዎ ቢሏት የሚቀል ነበር። አንድ ቃል ነው፤ ማንም አያጣራውም።

«አልሞላም። ያልሞላ አይሰጥም። ጣልኩት።»

«ራስሽ?»

«ራሴ።»

ጭራሮ ግሉኮሱን በገዛ እጇ ነቅላ፣ ጫማዋን ፈልጋ አጠለቀች። ነርሷ ልትደግፋት ስትል «ተዪኝ» አለቻት። ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ወጣች።

ነርሷ ጋወኗን እንኳ ሳታወልቅ ተከተለቻት። ውጭ ፀሐይ አናት ይበሳል። በሩ ላይ ያለው ሰው የዝገትን ዘፈን ይዘፍናል ሊባል ይችል ነበር፣ ግን ዘፈን አልሆነላቸውም፤ ከመቶ ጉሮሮ የሚወጣ የተሰባበረ ጩኸት ነው። ተራራው መሐላቸው ተንበርክኮ መሬቱን በመዳፉ ይደበድባል። ጭራሮ ወደ ሰዉ ገብታ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣላትም። ወደ ፊት ዘመመች።

ነርሷ ከኋላዋ ደርሳ በብብቷ ስር ያዘቻት። ጭራሮ ለመላቀቅ ትከሻዋን ነቀነቀች፤ አንዴ፣ ሁለቴ። አቅም አልነበራትም። በሦስተኛው ተወችው፤ ክብደቷን ሁሉ እህቷ ላይ ጣለችና፣ ፊቷን ወደ እሷ ሳታዞር፣ እዚያው እንደተያዘች መጮህ ጀመረች።