ከሦስተኛው ረድፍ የሚመጣ ድምፅ

ሹፌሯ የከተማ አውቶቡስ መንዳት ከጀመረች አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከተሳፋሪ አፍ ያልሰማችው ነገር የለም። ፍሬን ስትይዝ "ቀስ በይ እንጂ እህት፣ ድንች አልጫንሽም" ይሏታል። ቀስ ስትል ደግሞ "ወርደን እንግፋልሽ?" ይሏታል። እሷም በመስታወቱ ሰረቅ አድርጋ እያየቻቸው "መግፋቱስ ባልከፋ፤ ዳገቱ ጋ ስንደርስ አስታውሳችኋለሁ" ትላለች። የተናገረው ራሱ ይስቃል።

ጨዋታዋን የሚወደው አናጢው ባሏ ነው የሰፈሩ አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት በሚያዘጋጀው የቀልድ ዝግጅት ላይ ካልወጣሽ ብሎ የወተወታት። እምቢ ስትል ከረመችና አንድ ቅዳሜ እሺ አለች።

መድረኩ ላይ ቆማ "አንድ ቀን አንድ ሰውዬ በር ተሸክሞ ሊሳፈር መጣ" ብላ ከመጀመሯ፣ ከሦስተኛው ረድፍ ጎርናና ድምፅ "አንኳኳሽለት?" አለ። ሰው ሳቀ። እሷ ግን ሐሳቧ ተበታተነ። እንደምንም ስትቀጥል ያው ድምፅ "ኧረ አሳጥሪው፣ መሸብን" አለ። ኮፍያ ያደረጉ፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል ያቆሙ ሽማግሌ ናቸው። ንዴቷ ቀደማትና፦

"አባባ፣ ቤት ሚስትዎ አላናግር ቢሉዎት ነው እዚህ መጥተው የሚለፈልፉት?" አለቻቸው።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁና ጭናቸው ላይ አኖሩት፤ ከዚያ በኋላ ትንፍሽ አላሉም።

ሕዝቡ ሲበተን በር ላይ የምትቆመው ዘበኛ ጠጋ አለቻት። "ባታውቂ ነው እንጂ፣ ሚስታቸው ታመው አንደበታቸው ከተያዘ ሁለት ዓመት አለፈ። ሽማግሌው ሳምንቱን ሙሉ ጸጥ ያለ ቤት ነው የሚውሉት። ቅዳሜን እዚህ የሚመጡት ድምፅ ለመስማት ነው።"

ሹፌሯ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። እቤት ስትደርስ ለባሏ ነገረችው።

"አውቶቡስ ላይ ስንቱን ትችያለሽ፤ ማንንም አንገት አስደፍተሽ አታውቂም" አላት።

"እዚያ መሪ ይዣለሁ። መድረኩ ላይ ግን እጄ ባዶ ነው።"

"የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ቢሆንም ሄደሽ አናግሪያቸው።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከባሏ ጋር ቀደም ብላ ሄደች። ሽማግሌው ኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጠች።

"አባባ፣ ያለፈው ሳምንት አጥፍቻለሁ። ሳላውቅ ነው የተናገርኩት፤ ይቅር ይበሉኝ።"

"እኔም አፌ አያርፍም" አሉ። "ግን እውነቱን ልንገርሽ ልጄ፣ የበሩ ነገር ረዝሟል።"

"እንግዲያው ወደ ቦታዎ ይመለሱና ሲረዝም ይንገሩኝ። ይሄን ያህል ርቀው እንዴት እሰማዎታለሁ?"

እየተሳሳቁ ተነሱ። ሽማግሌው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ።

ተራዋ ደርሶ ስትወጣ ያንኑ ታሪክ ጀመረች። በሩ ሰፊ፣ አውቶቡሱ ጢም ያለ፤ ተሳፋሪው አንዱ ከላይ ሲጎትት አንዱ ከታች ሲገፋ፣ በስንት መከራ በሩን አስገቡት። እዚህ ላይ ነበር ታሪኳ የሚያልቀው።

"ሰውዬውስ?" አለ ጎርናናው ድምፅ።

ስለ ሰውዬው አስባ አታውቅም ነበር። ወደ ሽማግሌው ዞር ብላ በሐዘኔታ፣ ለተሳፋሪ እንደምትመልስ አድርጋ፦

"ሰውዬውማ ቦታ ጠፍቶ ውጭ ቀረ፤ በሩ ብቻውን ሄደ" አለች።

ሳቁ ከኋላ ተነስቶ እስከ መድረኩ ደረሰ። ሽማግሌው ሲስቁ ከዘራቸው ከእጃቸው ወድቆ ተንከባለለ። አሁን ነው የገባት፤ "አንኳኳሽለት?" ያሏትም ቢሆን ለጨዋታው ማዋጣታቸው ነበር፤ እሷ ግን ያኔ ልብ ብላ አልሰማቻቸውም።

ዝግጅቱ ሲያልቅ መውጫው ጋ ጠበቋት።

"ለባለቤቴ የምነግራት አገኘሁ" አሉ። "መናገሩ ነው እንጂ ያቃታት፣ ሳቋ አለ። ሳልረሳው ልሂድ።"

ከዘራቸውን ሳይደገፉበት ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ፈጠን ፈጠን እያሉ ሄዱ። ሹፌሯ በዓይኗ ሸኘቻቸውና የባሏን ክንድ ይዛ "በእግራችን እንሂድ፣ አየሩ ደስ ይላል" አለችው።