የተዘቀዘቀው ነጠላ

የሰው ራስ የሰው ነው፤ ቢሸፍነው ቢገልጠው ማንን ይከነክናል ትሉኝ ይሆናል። አዲስ አበባን አታውቋትማ! ሲምረት ሃብተአብ ነጭ ነጠላ ተከናንባ ቢሮ መግባት የጀመረች ሰሞን፣ የፎቁ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ በእሷ ራስ ላይ ተወያየ። አንዱ «ልትመነኩስ ነው» አለ። አንዷ «የለም፣ ዲያቆን ጠብሳ ነው» አለች። ፀጉሯ ረግፎ ነው ያለም አልጠፋ፤ እግዜር ይቅር ይበለው፣ እሱ ራሱ መላጣ ነው።

ከጎኗ የምትቀመጠው ሉሊ ግን ገና ልጅ ናት፣ ሐሜት አይሆንላትም፤ ፊት ለፊት ጠየቀቻት።

«ሲሙዬ፣ ማለቴ፣ ፐርሰናል ከሆነ ይቅር። ግን ምንድነው ነገሩ? ፀጉርሽን ስትለቂው እኮ በቃ አራዳ ነበርሽ!»

«በረደኝ» አለች ሲምረት።

«በግንቦት?»

ሲምረት ሳቀችና ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች።

ከሐሜቱ ይልቅ ያስጨነቃት ጸሎት የሚያሸክማት ሰው ነበር። ባሏ ያስቸገራት፣ ልጁ የታመመበት፣ ጠረጴዛዋ ድረስ እየመጣ «እህቴ፣ በጸሎትሽ አስቢኝ» ይላታል። እሷ ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ውዳሴ ማርያምን ከግማሽ በላይ አትዘልቀውም። «እሺ» ትልና ታፍራለች። ምክንያቷን ለማንም አልተናገረችም። ስለት ነበረባት፤ ስለት ደግሞ ሳይፈጸም ካወሩት ይበርዳል ብለው ያሳደጓት እናቷ ናቸው። የስለቱም ነገር እኚሁ እናቷ ናቸው።

ወይዘሮ ዘውዲ ከአክሱም መጥተው ካዛንቺስ ሲገቡ አዲስ ሙሽራ ነበሩ። ልጅ እምቢ ብሏቸው ዓመታት ቆዩ። ለካዛንቺስ ሰው የሚቀርበው ዑራኤል ነው፤ እሳቸው ግን ዑራኤልን በጎን ተሳልመው ቂርቆስ ድረስ በእግራቸው ይወርዱ ነበር። «ቂርቆስ ሕፃን ሆኖ እሳቱ ፊት እናቱን ኢየሉጣን አይዞሽ ያለ ነው። ልጅ ለመለመን ከሱ ወዲያ ማን አለ?» ይላሉ። ለመኑ፤ ሰጣቸው። ስለቴ ሰመረ ብለው ሲምረት አሏት።

ከዚያ በኋላ ቂርቆስ የሚሄዱት ሁለት ሆነው ነበር፤ ነጠላው ግን አንድ። ትንሿ ሲምረት የራሷን ነጠላ ሁልጊዜ ትጥላለች፣ ወይ ጭቃ ታስነካለች፤ ስለዚህ እናቷ የራሳቸውን ግማሽ ይሰጧታል። ሁለት ራስ በአንድ ነጠላ ተሸፍኖ በማለዳ ቁልቁል ይወርዳል። መስቀል አደባባይ ሲደርሱ ሯጮቹ ደረጃውን ሲወጡ ሲወርዱ፣ ልጅቷ ከነጠላው ሥር አንገቷን ብቅ አድርጋ ታያለች። «ራስሽን ሸፍኚ፣ ቂርቆስ ያይሻል!» ይሏታል። ግብት ትላለች። ውስጡ ይሞቃል፤ የአደስና የሳሙና ሽታ አለው። ከዚያ ወዲህ ሲምረት ብዙ ቦታ ውላለች፣ ብዙ ልብስ ለብሳለች፤ እንደዚያ ሥፍራ ግን የደላት የለም።

እርግጥ ነው ልጅ ያድጋል፣ ሲያድግም ይበላሻል። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት ፀጉሯን በካውያ ተተኩሳ፣ የመንገዱ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ነጠላውን ወደ ትከሻዋ ጣል ማድረግ ጀመረች።

«ራስሽን ሸፍኚ፣ ቂርቆስ ያይሻል!»

«ይየኛ! አምሮብኝ የለ እንዴ?»

እናቷ ሊቆጡ ብለው ሳቃቸው አመለጣቸው። አብረው የሚወርዱት የግቢያቸው ሴቶችም ሳቁ። ከሁሉ በላይ የሳቁት እትዬ የሻረግ ናቸው፤ የሰፈሩ ሬዲዮ። ማን እንደወለደ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ከማን ጋር እንደታየ የሚሰማው ከሳቸው ነው። የእድሩ ጥሩንባ እንኳ የሚነፋው እሳቸው አውርተው ከጨረሱ በኋላ ነበር።

ከዚያ ካዛንቺስ ፈረሰ። ስለሱ ብዙ አላወራም፤ የፈረሰበት ያውቀዋል። ጎረቤት አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ተበተነ። ሲምረት እናቷን ይዛ ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ተከራየች። ቤቱ ጥሩ ነው፤ ውሃ አለው፣ ፀሐይ አለው። እናቷ ግን ከገቡ ወዲያ አልወጡም። ደረጃው ከበደኝ አሉ። ቀጥሎ ስልካቸውን አጥፍተው ቁምሳጥን ውስጥ ከተቱት። አንድ ቀን ሲምረት ከሥራ ስትገባ እናቷን መስኮቱ ሥር ራሳቸውን ገልጠው ተቀምጠው አገኘቻቸው።

ክው አለች። ወይዘሮ ዘውዲ እኮ ካዛንቺስ ሳሉ ያለ ሻሽ በር ድረስ ወጥተው አያውቁም፤ ቆሻሻ ሊደፉ እንኳ። ሲምረት የእናቷን ሽበት በጠራራ ፀሐይ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። አጭር፣ ስስ፣ የሕፃን ፀጉር የመሰለ።

«አደይ፣ ምነው ሻሽሽ?»

«ለማን ብዬ ልሰር?» አሉ ወደ ውጭ እያዩ። «እዚህ ማን ያውቀኛል? ነገ ብሞት፣ ጓለይ ልጄ፣ ‹ማናት ሴትዮዋ› ይሉሻል እንጂ ‹ዘውዲዬ› ብሎ የሚያለቅስልኝ የለም። ቀባሪ የሌለው ሰው ተሸፈነ ተገለጠ ምን ለውጥ አለው?»

ሲምረት ቦርሳዋን አስቀመጠች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእናቷን ነጠላ አወረደችና ተከናነበችው። በልቧም እንዲህ አለች፦ «ቂርቆስዬ፣ አንተም እናትህን አይዞሽ ብለሃል። እናቴ ተሸፍና ደጅህ እስክትቆም ድረስ እኔ በሷ ፈንታ ተሸፍኜ እዞራለሁ።» በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። አልመነኮሰችም፣ ዲያቆንም አልጠበሰችም።

ግን አንድ ያልጠበቀችው ነገር ነበር። ነጠላው አሁንም አደስ አደስ ይላል። ጠዋት ጠዋት ታክሲ ተሰልፋ ፊቷን ወደ ነጠላው ጠጋ ስታደርግ፣ ያ ግቢ፣ ያ ቁልቁለት፣ እነዚያ ሴቶች ሁሉ ይመጣሉ። የቤቱ ቆርቆሮ ተነቅሎ ቢሄድም፣ እሷ ካዛንቺስን ራሷ ላይ ጥላ ትዞር ነበር።

ከግንቦት እስከ ጥቅምት እንዲህ ሄደ። እናቷ ግን ወይ ፍንክች! «ዛሬ ቂርቆስ ነው፣ በላዳ እንሂድ» ትላለች። «አንቺ ሂጂ፣ ጓለይ፣ እዚያስ ማንን ላገኝ» ይላሉ። የጥቅምት ቂርቆስ እሁድ ዋለ። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ አድሯል። ሲምረት በጨለማ ለባብሳ፣ ነጠላውን እንደመጣ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ዛፍ ተደግፋ ቆመች። ቅዳሴው ሲሰማት ሆድ ባሳት። ስለቱ አልሰመረም፤ እናቷ ከቀን ወደ ቀን እያነሱ ነው። እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ።

እትዬ የሻረግ ደግሞ ከሴቶቹ ማዶ ቆመው አዩዋት። ከተበተኑ ወዲህ ሲያዩዋት የመጀመሪያቸው ነው። ምን አዩ? የዘውዲን ልጅ አዩ። የዘውዲን ነጠላ አዩ። ነጠላው ደግሞ ተዘቅዝቋል፤ ጥለቱ ከታች መውረድ ሲገባው ፊቷን ዙሪያውን ከቧል። ነጠላ ዘቅዝቆ የሚለብስ ሰው ማን ነው? ሐዘንተኛ። ሐዘንተኛዋ ደግሞ ታለቅሳለች። ዘውዲ ከጎኗ የለችም። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያሻል?

በቅዳሴ መሀል አይወራም፤ እትዬ የሻረግ እንደምንም ታገሡ። ሲያልቅ ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጣና ልጅቷን አጧት። ወይዘሮ ዘውዲ ጋ ደወሉ። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» አለች ማሽኗ።

«ተገኘች ብትይኝ ነው የሚገርመኝ!» ብለው እትዬ የሻረግ መንገዱ ላይ ደረታቸውን መቱ።

ሲምረት ቤቷ ገብታ፣ መብራቱ መጥቶ፣ መስታወት ፊት ስትቆም ጥለቱን አየችው። «ወይ ጉዴ! ዘቅዝቄ ነው እንዴ የቆምኩት?» ብላ ነጠላውን ወንበሩ ላይ ጣለችና ነገሩን ረሳችው። ምሳ በሉ። እናቷ እንደለመዱት መስኮቱ ሥር ተቀመጡ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከደረጃው ሥር ጩኸት ተነሣ። የአንድ ሰው አይደለም፣ የብዙ ሰው ነው፤ እያለቀሱ ወደ ላይ ይመጣሉ።

ወይዘሮ ዘውዲ ከወንበራቸው ቀጥ አሉ። «ለቅሶ ነው! ጓለይ፣ ማን ሞተ? ታማሚ ነበር እንዴ እዚህ?»

«እኔ እንጃ፣ አደይ።»

«እንዴት እኔ እንጃ ትያለሽ? ጎረቤት ሞቶ ቁጭ ይባላል?»

ይህን ያሉት እኚያ ለወራት ደረጃው የከበዳቸው ሴትዮ ናቸው። ሰው ሲሞት ራስን ገልጦ መቀመጥ በሳቸው ዘንድ የለም። ወንበሩ ላይ የተጣለውን ነጠላ አነሡ፣ አገላብጠው ጥለቱን ፈለጉ፣ እንደ ወጉ ወደ ላይ ዘቅዝቀው ተከናነቡና በሩን ከፍተው ወጡ። ማን እንደሞተ ሳያውቁ ማልቀስም ጀመሩ፤ ለቅሶ እንደሆነ ጎረቤት ነው የሚያዋጣው። «ወይኔ፣ ወይኔ ወገኔ!» እያሉ ደረጃውን መውረድ ጀመሩ።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ተገናኙ። ፊት ፊት የሚመጡት እትዬ የሻረግ ናቸው፣ ዓይናቸው በእንባ ተሞልቷል፣ «ዘውዲዬ! ዘውዲዬ!» ይላሉ።

«የሻረግ!» አሉ ወይዘሮ ዘውዲ። «አንቺም መጣሽ? ማን ነው የሞተው?»

እትዬ የሻረግ ቀና አሉ። አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

«አንቺ!»

ለቀባሪው አረዱት ሲባል ስንሰማ ኖረናል፤ ለሟቿ ሲያረዱ ግን ያኔ ነው የታየው። አንዲት ሴት «በስመ አብ!» ብላ አማተበች። ከኋላ ያሉት ያልሰሙት ማልቀሳቸውን ቀጠሉ። እትዬ የሻረግ ደረጃው ላይ ዘፍ ብለው የወይዘሮ ዘውዲን እግር ጨበጡ፤ እውነተኛ እግር መሆኑን ሲያረጋግጡ ደግሞ ተነሥተው ቆጧቸው።

«ሰው እንዲህ ይቀለድበታል? ስልክሽን ዘግተሽ፣ ልጅሽን ዘቅዝቀሽ ልከሽ!»

ሲምረት ከላይ ሆና ሁሉንም አየች፣ ሁሉም ገባት። እየሳቀችም እያለቀሰችም «እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ መብራት ጠፍቶ በጨለማ ለብሼ ነው» አለቻቸው።

ወይዘሮ ዘውዲ ግን አልሳቁም። ደረጃውን ቁልቁል እያዩ ቆሙ። ደረጃው እስከ ታች ሰው ነው። ሰባት በር የነበረው ያ ግቢ፣ ከቧንቧው ማዶ ያሉት፣ ባለሱቁ፣ ጥሩንባ ነፊው አቶ ገብረመስቀል ዱላቸውን ተደግፈው። አንዱ ሁለት ታክሲ ይዞ፣ አንዱ ሦስት ቀይሮ መጥቷል። ከታች አብርሃ፣ ያኔ ዕቃቸውን ያመላለሰላቸው ባለ ፒክአፕ ጎረቤት፣ «ድንኳኑን የት ልትከል?» እያለ ይጣራል። የእድሩን ድንኳን ጭኖ መጥቶ ነበር።

«ይህ ሁሉ ሰው... ለኔ ነው?» አሉ ወይዘሮ ዘውዲ በቀጭን ድምፅ።

«ታዲያ ለማን ሊሆን ነው?» አሉ እትዬ የሻረግ፣ አሁንም ተቆጥተው። «ከሰማን ወዲህ ምሳ የበላ አለ?»

ያኔ ወይዘሮ ዘውዲ የምር አለቀሱ። እትዬ የሻረግም ነጠላውን ከወይዘሮ ዘውዲ ራስ ላይ አንሥተው፣ ገልብጠው፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርገው መልሰው አለበሷቸው። «አሁን ተቃናሽ» አሏቸው።

የተጫነ ድንኳን ደግሞ ባዶውን አይመለስም። ብሎኩ ሥር ተተከለ፤ ለለቅሶ የመጣው ቆሎ ተበላ፣ እስኪመሽ ተሳቀ። የጎተራ ጎረቤቶችም ደርሰው «እግዜር ያጥናችሁ» ሲሉ፣ ሟቿ ራሳቸው ብድግ ብለው «ግቡ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ» ይሏቸው ነበር። በዚያው ቀን ፎቁ ሁሉ አወቃቸው።

በሳምንቱ እሁድ ወይዘሮ ዘውዲ ገና ሳይነጋ ለብሰው በር ላይ ቆሙ። «አትነሺም እንዴ? የሻረግ ትጠብቀናለች!» አሉ።

ቂርቆስ ደረሱ። እናቷ በነጠላቸው ተሸፍነው ደጁ ላይ ቆሙ፤ እትዬ የሻረግ አስቀድመው ጥለቱ ወዴት እንደዞረ አጣሩና አጠገባቸው ቆሙ። ስለቱ ሰመረ። ሲምረት የመጣችው ትከሻዋ ላይ ስካርፍ ጣል አድርጋ ነው፤ ነጠላውን ለባለቤቱ መልሳለች፣ ራሷም ተገልጧል። የማለዳው አየር ጆሮዋን ሲነካት የሆነ ነገር የጎደላት መሰላት። ስለቴ ሲደርስ ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ደስም ብሏታል፣ ግን ያ ሽታ ናፈቃት። ከእንግዲህ በምን ሰበብ ልትሸፈን ነው?

ወይዘሮ ዘውዲ ዓይናቸውን ከመቅደሱ ሳያነሡ እጃቸውን ሰደዱና የልጃቸውን ራስ ዳበሱ። ባዶ ሆኖ አገኙት።

«ራስሽን ሸፍኚ» አሉ በሹክሹክታ። «ቂርቆስ ያይሻል።»

የነጠላቸውንም ግማሽ ገልጠው ያዙላት። ሲምረት አሁን ከእናቷ በጭንቅላት ትበልጣለች። ጉልበቷን አጠፈች፣ ዝቅ አለች፣ ገባች።