ሞጣ አትሰጥም

ጥሩአየሁ ከቢቸና ሞጣ፣ አክስቷ ዘንድ ከሄደች ወዲህ የምንገናኘው በመስቀለኛ ቃላት ነው። ልብስ ስፌቱ ሲቀዘቅዝ ሣጥኖቹን አሰምራለሁ፤ ፍንጮቹን እጽፋለሁ፤ በስልክ ፎቶ አንሥቼ እልክላታለሁ። እሷም በተራዋ ሠርታ ትልካለች። ፍንጮቻችን በቀጥታ አይናገሩም። «ሦስት ፊደል፤ ራሱ ሲቆረጥ ለእስራኤል የወረደ ምግብ፣ ሳይቆረጥ ዝናብ ያዘለ» ካልኋት፣ ከደመና ላይ «ደ»ን ቆርጣ መናን ማግኘት አለባት። ራስ መቁረጥን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

እንደ ልጅነታችን እንቆቅልሽ፣ መልስ ያቃተው አገር ይሰጣል። ደጀንን ሰጥታኛለች። ጉንደ ወይንን ሰጥታኛለች። አንድ ጊዜ ዓባይ ድልድይን ሰጥታኝ «ቀረጡን ግን እንካፈላለን» ብላ ጻፈችልኝ። ሞጣን ግን ሰጥታኝ አታውቅም። ሞጣን የሰጠችኝ ዕለት ሽማግሌ እልካለሁ ብዬ ለራሴ ወስኜ ነበር። ለእሷ አልነገርኋትም።

ከፋሲካ በኋላ አገር መስጠት አቆመች። የላክሁላትን ሁሉ በወረቀት አትማ፣ ፈትታ፣ ሳይመሽ ፎቶውን ትመልስልኛለች። በመጨረሻው ፎቶ ላይ ግማሹ መልስ የተጻፈው በማላውቀው እጅ ነበር። በማግስቱ ክር ልገዛ ነው ብዬ በሚኒባስ ሞጣ ሄድሁ።

የምትሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ስልክ የሚጠግን ስጦታው የሚባል ጎረምሳ አለ። ስደርስ ሁለቱም አንድ ወረቀት ላይ አጎንብሰዋል፤ ትከሻቸው ተነካክቷል።

«ውይ፣ አካሌ! ደግ ጊዜ መጣህ፤ ስጦታው ራሱ አዲስ ሠርቷል» አለችኝ ደስ ብሏት።

«ስላንተ ሳታወራ ውላ አታውቅም» አለ ስጦታው። «እስቲ ሞክረው። የቢቸና ሰው ይፈታል አሉ።»

እንደ ቆምሁ ፈታሁት። አንድ ብቻ ቀረኝ። «ሦስት ፊደል፤ ራሱ ሲቆረጥ የምትታለብ፣ ሳይቆረጥ ሁሉም የሚለምነው» ይላል።

ራስ መቁረጥ! አስተምራዋለች። እንዲህ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እርሳስ እየተቀባበሉ። ፊደሎቹ ከፊቴ ጠፉ። ጆሮዬ ጋለ።

«ሰላም ነዋ!» አለ ስጦታው እየሳቀ። «ላም አይተህ አታውቅም እንዴ? በል አገር ስጠኝ።»

«ጉንደ ወይንን ውሰድ።»

«ገደል አፋፍ ምን ልሠራ?»

«ደጀን።»

«እሱም ሩቅ ነው። ሞጣን ስጠኝና እዚሁ ልቀመጥበት።»

«ሞጣ አትሰጥም!»

እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። መታወቂያውን ኮፒ ሊያስደርግ የቆመ ሰውዬ ዞሮ አየኝ። የስጦታው ሳቅ ቆመ።

«ለምን?» አለች ጥሩአየሁ።

«ለእኔ እስክትሰጪኝ እየጠበቅሁ ነዋ።»

ፊቷ ቀላ። ከዚያ ተቆጣች።

«መቼ ጠየቅኸኝና? ደጀን ስልህ እሺ፤ ጉንደ ወይን ስልህ እሺ። አንድ ቀን እንኳ ይህ አይበቃኝም ብለህ መልሰህ ታውቃለህ? ስጦታው እንኳ ይኸው ሁለት አገር መለሰ!»



«አሁን ልጠይቅሽ?»

«አሁን የተረታኸው አንተ ነህ፤ አገር የሚጠይቅ የረታ ነው» አለችኝ።

ወረቀቱን ገለበጥሁ። እርሳሱን ከስጦታው እጅ ወስጄ ሣጥን ማስመር ጀመርሁ። ወንበሩን አልለቀቀልኝም፤ ቆሜ ነው የሠራሁት።